ከል የለበሰው ተዋናይ

የ«አንድ ግቢ» ጋሽ ሽብሩ በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሞቶ ተነስቷል። አንዱ ሕልም ነበር፤ በሌላው ጊዜ ደግሞ ሬሳው የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥን ባለው ጎረቤት ቤት ተጨናንቆ የሚያየው ሕዝብ ሁለቱንም ጊዜ አልቅሶ ሁለቱንም ጊዜ ይቅር ብሎታል። መጋቢት 9 ቀን 1979 ዓ.ም. ጠዋት ግን ጋሽ ሽብሩን የሚጫወተው ገብረየስ አዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከሆቴሉ የጀልባ ማቆሚያ አጠገብ ጥቁር ከል እንደ ለበሰ ውሃ ላይ ተደፍቶ ሲገኝ የምሩን ሞቶ ነበር።

ቡድኑ ከአዲስ አበባ የመጣው የድራማውን አሥረኛ ዓመት የሚያከብረውን ልዩ ክፍል ሊቀርጽ ነው።

መቶ አለቃ ኩማ ሲደርስ ሁለት ሥራ ቀድሞት ተሠርቷል። ሬሳው ሣር ላይ ተጋድሟል፤ ገዳይ የተባለውም ተይዟል። የተያዘው ማቴዎስ የሚባል የሰፈሩ ባለጀልባ ነው። ማለዳ መረቡን ሊያነሳ ወጥቶ ሬሳውን አየ፣ ጎትቶ አወጣው፣ ከዚያ ተንበርክኮ ጸለየለት። አብዮት ጠባቂዎቹ የደረሱት ጸሎቱ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘጋበት ሦስት ዓመት የሆነው ሰው ሬሳ አጠገብ ተንበርክኮ መገኘቱ በቃቸው። በማግስቱ ከቀበሌ ወደ ላይ ይተላለፋል ተባለ። ወደ ላይ ተላልፎ የተመለሰ ሰው ኩማ አንድ ብቻ ያውቃል፤ እሱም ከተመለሰ ወዲህ ስለዚያ ተናግሮ አያውቅም።

ስለዚህ ለኩማ የቀረው ያ ቀን ብቻ ነበር። የማቴዎስ ሚስት ታቢታ ሆቴሉ በር ላይ ቆማ ስታየው አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ይህ ደግሞ ከልመና ይልቅ ከበደው።

ኩማ አጭር፣ ንግግሩ ቀስ ያለ ሰው ነው። የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ የጓዳ ወሬ ስለሚመስል አለቆቹ ይሰለቹታል። ማን የት ተቀመጠ፣ ማን ምን በላ፣ ማን ምን ለበሰ ይላል። ከጤና ጣቢያ የመጣው ድሬሰር ሬሳውን ገልብጦ ማጅራቱ ላይ ያለውን ስብራት አሳየው። ሰውየው ውሃ ሳይገባ በፊት ሞቷል አለ፤ ይህን ግን በጽሑፍ እንዳይጠይቀው ለመነው።

ኩማ መጀመሪያ የጠራው የልብስ ኃላፊዋን ጽጌሬዳን ነው። ልጅቷ ከልቅሶ ብዛት ዓይኗ አብጧል።

«ይህን ከል አንቺ ነሽ ያለበስሻቸው?»

«እኔ አይደለሁም። ለዛሬ ጠዋት የሰቀልኩላቸው ነጩን የሠርግ ልብስ ነው።»

«ታዲያ ከሉ ከየት መጣ?»

አሠራራቸውን አስረዳችው። ሁሌም ከራት በፊት፣ በማግስቱ መጀመሪያ የሚቀረጸውን ትዕይንት ልብስ በየሰው ክፍል ትሰቅላለች። ትናንትም በፕሮግራሙ መሠረት ጋሽ ሽብሩ ጀልባ ማቆሚያው ላይ የሚያዝንበት ትዕይንት ስለሚቀድም ከሉን ሰቀለች። ራት ላይ ግን አዘጋጁ ደምሴ የሠርጉ ሙዚቀኞች ከሰዓት እንደማይመቻቸው ተናግሮ ተራውን ገለበጠው። የልጁ ሠርግ ጠዋት በሆቴሉ አትክልት ውስጥ፣ ሐዘኑ ከሰዓት ሆነ። ገብረየስም ስቆ፣ መጀመሪያ ልጄን ልዳር፣ ከዚያ አለቅሳለሁ ብሏል። እሷ ከራት በኋላ ነጩን ወስዳ በሩ ላይ ሰቀለች፤ ከሉን በምሳ ሰዓት ልትተኩሰው ወንበር ላይ ትታው ወጣች።

ኩማ ክፍሉን ከፍቶ ገባ። ነጩ ልብስ ሳይነካ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። አልጋው አልተተኛበትም። በየክፍሉ ያለው ከባድ የድንጋይ መተርኮሻ እዚህ ክፍል የለም። ከመስኮቱ እስከ ውሃው ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ቆጠራውን ጨርሶ ሲመለስ ደስ አላለውም፤ ነገሩ ወደ ባለጀልባው ሳይሆን ወደ ቤት ውስጥ እየዞረ ነበር፤ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ደግሞ ማሰር ይከብዳል።

ቀጥሎ በድራማው የጋሽ ሽብሩን ሚስት የምትጫወተውን ሮማንን አነጋገረ። ስለ ሟቹ ልማድ ሲጠይቃት ወዲያው መለሰች። ገብረየስ በቀረጻ ቀን ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ የትዕይንቱን ልብስ ይለብሳል፣ ትዕይንቱ ወደሚቀረጽበት ቦታ ብቻውን ሄዶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይራመደዋል። አሥር ዓመት አንድ ቀን አልዘለለም፤ ይህን የማያውቅ የቡድኑ ሰው የለም።

«የሚጠላቸው ሰው ነበረ ወይ፣ እትዬ?»

ሮማን በሩን አየች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ድራማውን ማን እንደሚጽፈው ያውቃሉ?» አለችው።

«እዚሁ ሆቴል ያረፉት ጓድ ጌታቸው ናቸዋ። ስማቸው በየሳምንቱ ይወጣል።»

«አንድ መስመር ጽፎ አያውቅም። የጻፉት ጋሽ ገብረየስ ናቸው፣ ሁሉንም።»

ከዚያ ዘረገፈችው። ገብረየስ በ1969 ከእስር ሲወጣ ፊቱ በተዋናይነት እንዲታይ ተፈቀደ፤ በደራሲነት ስሙ እንዳይወጣ ግን ተከለከለ። ያኔ ጌታቸው ስሙን አዋሰው። በደግነት ነበር፤ እሱ ባይኖር ሰውየው ይራብ ነበር። ዓመቱ እየሄደ ጌታቸው በዚያ ስም ሹመት አገኘ፣ ፓርቲ ገባ። በዚህ ቅዳሜ ደግሞ በዚያው ስም ሜዳሊያ ሊጠለቅለት ነው። ገብረየስ ሜዳሊያውን አልፈለገም። በአሥረኛው ዓመት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስሙ በደራሲነት እንዲወጣ ነበር የፈለገው። ትናንት ጌታቸው ከከተማ ሲመለስ እነግረዋለሁ ብሏት ነበር።

ጌታቸው ኩማን የተቀበለው በእርጋታ ነው። ማታውን ከክፍለ ሀገሩ የፓርቲ ተወካይ ከጓድ አለሙ ጋር ስብሰባ ላይ እንዳመሸ፣ ራቱንም እዚያው እንደበላ፣ አራት ሰዓት ሲመለስ ሁሉም ተኝቶ እንደነበር ነገረው። ገብረየስ ሊለማመድ ወጥቶ የማቆሚያው እንጨት አዳልጦት ይሆናል አለ። ኩማ እየጻፈ፣ ቀና ሳይል፣ አንድ የጓዳ ጥያቄ ጠየቀው።

«ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ሊቀረጽ የነበረው የትኛው ነው?»

«የሐዘኑ ነዋ። ጀልባ ማቆሚያው ላይ።»

ኩማ ጻፈው፣ ቃሉንም አስፈረመበት።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው። ደምሴ፣ ጽጌሬዳና ሮማን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ጌታቸው ብቻውን መስኮቱ አጠገብ ነው። ጓድ አለሙም መጥቶ ከኋላ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። ኩማ መምጣቱን ሲያይ ደስ አለው፤ እውነቱን ሥልጣን ያለው ሰው በጆሮው ይስማ ብሎ ነበር።

«ሰውየው የሞቱት ማጅራታቸውን ተመትተው ነው» ብሎ ጀመረ። «የገደላቸው ሰው አጥፍቶ ብቻ አልሄደም። ልማዳቸውን ስለሚያውቅ፣ ሊለማመዱ ወጥተው ሰጠሙ እንዲባል የትዕይንቱን ልብስ አለበሳቸው። እዚህ ድረስ ብልህ ነው። ግን ከሉን አለበሰ። ጋሽ ገብረየስ ተራው መቀየሩን በጆሯቸው ሰምተዋል፣ ቀልደውበታልም። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ቢወጡ ነጩን ለብሰው አትክልቱ ውስጥ ነበር የሚራመዱት። ጀልባ ማቆሚያው ላይ ምንም ጉዳይ አልነበራቸውም።»

ኩማ ወደ ሦስቱ ጠረጴዛ ዞረ።

«ስለዚህ ያለበሳቸው ሰው ልማዳቸውን ያውቃል፣ የተራውን መቀየር ግን አያውቅም። አቶ ደምሴ ራሳቸው ናቸው የቀየሩት። እትዬ ሮማንና ጽጌሬዳ ራት ላይ ነበሩ። ባለጀልባውስ? አቶ ደምሴ ከራት በፊት ወርደው ለሐዘኑ ትዕይንት ጀልባህ ከሰዓት ነው የምትፈለገው ብለውታል። ደግሞም የሆቴሉ ዘበኛ ማቴዎስን ከማቆሚያው አሳልፎት አያውቅም፤ የትኛው ክፍል የማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ራት ላይ ያልነበረ የቡድኑ ሰው አንድ ነው። እሱም ዛሬ በስድስት ሰዓት፣ መጀመሪያ የሚቀረጸው የሐዘኑ ነው ብሎ ፈርሞልኛል። እስከዚያ ድረስ ማንም አልነገረውም ነበር።»

ጌታቸው አልካደም። ፊቱ ላይ ከፍርሃት ይልቅ ድካም ነበር።

«ያን ጊዜ ያተረፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ማንም አጠገቡ በማይቆምበት ጊዜ። አሥር ዓመት ደራሲው ተብዬ ኖርኩ፤ ልጆቼ የሚያውቁት አባት ያ ነው። ትናንት ማታ፣ ስሜን መልስልኝ አለኝ። እኔስ ማን ልሁን አልኩት። ጀርባውን ሲሰጠኝ መተርኮሻውን አነሳሁ።»

ሮማን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ኩማ ካቴናውን ሊያወጣ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ፤ በዚህ መሀል ጓድ አለሙ ከኋላ ተነሳ።

«በጣም ጥሩ ሥራ ነው፣ መቶ አለቃ» አለ። ሲያሾፍ አልነበረም። «አሁን ቁጭ በል።»

ኩማ ቁጭ አለ። አለሙ በቀስታ አስረዳው። የተሸላሚዎቹ ስም ዝርዝር ጸድቆ ወርዷል። ቅዳሜ ሜዳሊያውን የሚያጠልቁት ሰው ማን እንደሆኑ ለኩማ መንገር አያስፈልግም። ደራሲው በእስር ነበረ፣ ስሙም በሌላ ስም ተሸፍኖ አሥር ዓመት በመንግሥት ቴሌቪዥን ሲጽፍ ኖረ የሚባል ነገር ከተሰማ፣ የሚጠየቀው ጌታቸው ብቻ አይደለም። ከዚያ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ይሄኛው፣ አዳልጦት ሰጠመ ይላል። ይሄንን ከፈረምክ ባለጀልባው ዛሬ ቤቱ ያድራል። ገዳይ አለ የምትል ከሆነ ግን ገዳዩ ከጠዋት ጀምሮ ተይዟል፤ ይሄኛው የማስተላለፊያው ነው።»

«ጓድ፣ ሰውየው አሁን በራሱ አፍ ተናግሯል።»

«እኔ አልሰማሁም» አለ አለሙ፣ ዞሮም ሌሎቹን አያቸው። «እናንተስ ሰምታችኋል?»

ደምሴ ጠረጴዛውን አየ። ጽጌሬዳ አለቀሰች። ሮማን አፏን ከፈተች፣ ኩማን አየችው፣ መልሳም ዘጋችው። ኩማ አልፈረደባትም። ሃያ ዓመት የተማረው ሙያ ሁሉ እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ብዕር ያህል እንኳ አልጠቀመውም፤ ብዕሩን ያቀበለው አለሙ ነው። ፈረመ። ሌሎቹም በምስክርነት ተራ በተራ ፈረሙ። ጌታቸው መጨረሻ ላይ መጥቶ፣ ደራሲ ብሎ ከስሙ ሥር ጻፈ።

ኩማ ወደ ቀበሌው በእግሩ ሄደ። ማቴዎስን ሲያወጡት ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ ታቢታ በር ላይ ተቀበለችው። ባልየው የኩማን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ። እውነቱን እንዲያወጣው ስጸልይ ነበር፤ በእርስዎ እጅ አወጣው። ለመሆኑ ማን ሆኖ ተገኘ?»

«ማንም አይደለም። ሰጥመው ነው።»

ማቴዎስ እጁን ለቀቀ። «ጌታዬ፣ ከውሃ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ እኮ። ማጅራታቸውን በዚህ እጄ ነው የደገፍኩት። እኔ ሐይቁን...»

«ማቴዎስ» አለ ኩማ። «ነገም ይጠይቁሃል፣ ከነገ ወዲያም ይጠይቁሃል። እንዴት ሞቱ ሲሉህ ምን ትላለህ?»

ባለጀልባው እጁን ተመለከተ። በሕይወቱ ዋሽቶ የሚያውቅ ሰው አይመስልም። ታቢታ ባሏን አየች፣ መቶ አለቃውን አየች፣ ነገሩም ገባት።

«ሰጥመው ነው» አለች በእሱ ፋንታ።

«እሱ ይበለው።»

«ሰጥመው ነው» አለ ማቴዎስ።

«አሁንም ድገመው» አለ ኩማ፤ ሰውየው ሳያመነታ እስኪለው ድረስ አስደገመው።