ማኅተም ያላረፈበት ንድፍ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። የፋብሪካው ሰነድ ክፍል ኃላፊ ይህን ብሂል ከአባቷ ተቀብላ ዕድሜዋን ሙሉ ኖራበታለች። በዚያ ጠዋት ግን ታናሽ ወንድሟ በነጭ ሸራ ተሸፍኖ ከቦይለር ክፍሉ ሲወጣ አየች። አላለቀሰችም። እጇን ተመለከተችው፤ የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

ወንድሟ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ከቧንቧ ቧንቧ ሲንጠላጠል የሚያዩት ባልደረቦቹ «ድመቱ» ይሉታል። ጠዋት የእንፋሎት ቧንቧ እንዲፈታ ታዘዘ። ከመፍታቱ በፊት «መንትያውን»፣ ማለትም ፋብሪካውን ከነቧንቧው ከነቫልቩ በኮምፒዩተር የሚያሳየውን አምሳል አየ። እዚያ የታየውን አንድ ቫልቭ ዘግቶ ብሎኑን ፈታ። እንፋሎቱ መንትያው በማያውቀው ሌላ ቧንቧ በኩል መጣበት።

«መንትያው የሚያሳየው ከሰነድ ክፍል የተላከለትን ንድፍ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ለመርማሪው። «ያለው ንድፍ አሮጌ ነው። ኃላፊዋ ደግሞ እሷ ናት። ከዚህ በላይ ምን ይመረመራል?»

እሷን ወኅኒው አላስጨነቃትም። ወንድሟን የገደለው የገዛ እጇ መሆን አለመሆኑን ብቻ ማወቅ ፈለገች።

መርማሪው ንግግር ቆጣቢ ሰው ነው። ከመደርደሪያዎቿ ፊት ቆመ።

«አዲስ ንድፍ ሲመጣ አሮጌውን ምን ያደርጉታል?»

«ጥጉ ላይ ‹የተሻረ› የሚል ማኅተም እመታበታለሁ።»

«ቢረሱስ?»

«አልረሳም።» ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «ተጨማሪው ቧንቧ የተገጠመው ወንድሜ ታሞ በተኛበት ሰሞን ነው። አዲሱን ንድፍ ወዲያው ወደ መንትያው ላክሁ፤ አሮጌውንም ሻርሁት።»

መርማሪው መደርደሪያውን አንድ በአንድ ፈተሸ። ከዚያ «ይከተሉኝ» አላት።

መንትያውን የሠራው ወጣት ኢንጂነር ዓይኑ ቀልቶ ጠበቃቸው። «መስታወት ጉድፍ አይፈጥርም፣ ጌታዬ። የሰጡኝን ነው የማሳየው።»

«አዲስ ንድፍ ሲገባ ምን ይሆናል?»

«ሰው ቦታው ድረስ ወጥቶ በዓይኑ እስኪያረጋግጥ ቢጫ ይሆናል። ቧንቧው የተጨመረበት ማዕዘን ጉበቱን እንደታመመ ሰው ዓይን ቢጫ ሆኖ ከርሞ ነበር። እንግዶች ሊጎበኙን ሲሉ ግን አረንጓዴ ሆነ። ‹ተመስገን፣ አንዱ አረጋገጠ› ብዬ ተውሁት።»

«ቀድሞ የተረጋገጠው አሮጌ ንድፍ ቢመለስስ?»

«ያኔም... አረንጓዴ ይሆናል።»

«መቀየር የሚችለው ማነው?»

«እኔ፣ እሷና የፈረቃ ኃላፊው። ሦስታችንም በአንድ የይለፍ ቃል ነው የምንገባው።»

የፈረቃ ኃላፊው ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» የሚለው ሽማግሌ ነው። «ድመቱን ቁልፍ አያያዝ ያስተማርሁት እኔ ነኝ» አለ ከቦይለሩ አጠገብ ባለችው ክፍሉ። «እህቱም ሰው ናት፤ ሰው ይሳሳታል።»

«እርስዎ ንድፍ በወረቀት ይይዛሉ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! እኔ ዘንድ ያለው ወረቀት ይኸው ነው» ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን አዲስ ካሌንደር በአገጩ አሳየ።

መርማሪው ያየው ግን የካሌንደሩን ዙሪያ ነበር። ጭስ ባጠቆረው ግድግዳ ላይ፣ ከካሌንደሩ የሚሰፋ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ይታይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሰበሰበ። በሰፊው ስክሪን ላይ መንትያው የያዘውን ንድፍ አስወጣ።

«ይህ አሮጌው ንድፍ ነው። ከሰነድ ክፍሉ ወጥቶ ቢሆን ማኅተም ይኖረው ነበር፤ እዚያ ካሉት የተሻሩ ንድፎች አንድም ያመለጣት የለም። ይህ ግን ማኅተም የለውም። እንግዲያው ከመሻሩ በፊት ተባዝቶ ከእጇ ውጭ የኖረ ቅጂ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ኢንጂነሩ ዞረ።

«እኔ አይደለሁም!»

«እሱ አይደለም» አለ መርማሪው። «እሱ ቢሆን ከኮምፒዩተሩ ንጹሑን ፋይል በመለሰ። ይህ ግን ከወረቀት ስካን የተደረገ ነው። አራቱን ጥግ ተመልከቱ።»

በየጥጉ ጥቁር ነጠብጣብ ነበር።

«ሚስማር የበሳቸው ናቸው። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ኖሯል። በካሌንደሩ ዙሪያ ያሉትን ቀዳዳዎች ለክቼአለሁ፤ ከእነዚህ ጋር ይገጥማሉ።»

«ጋሼ?» አለች እሷ።

ሽማግሌው ሥራ አስኪያጁን አየ፣ ከዚያም ወለሉን። «‹እንግዶቹ ፊት ቢጫ እንዳላይ› ተባልሁ። የሚያረጋግጠው ድመቱ ታሞ ነበር፤ የእኔ ጉልበት መሰላል አይወጣም። ግድግዳዬ ላይ የነበረውን አስገባሁ። እንግዶቹ ሲሄዱ ላስተካክለው አስቤ ነበር። ረሳሁት፣ እህት ዓለም።»

«እሱም ከሕመሙ ሲመለስ አረንጓዴ አየ» አለ መርማሪው። «በሌለበት ሌላ ሰው ያረጋገጠ መሰለው።»

ሽማግሌው በልቡ የያዘው ተረሳ፤ በጽሑፍ ያኖረውን ወንድሟ ወረሰ። እሷ እንባውን ጠበቀች፤ አልመጣም። አሮጌውን ንድፍ ከማተሚያው አውጥታ ወደ ክፍሏ ሄደች፤ ጥጉ ላይ ማኅተሟን መታችበት።

ሽማግሌው ተፈረደበት። አዲሱ ንድፍ ወደ መንትያው ተመለሰ። ያ ማዕዘን ግን ለረዥም ጊዜ ቢጫ እንደሆነ ቆየ፤ ወጥቶ ማረጋገጥ የድመቱ ሥራ ነበር፣ በቦታውም ሰው አልተቀጠረም።