የልዑሉ ሯጭ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም.፣ በሰኔ ወር መጨረሻ፣ በላንካሻየር ምድር ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር፤ የጥጥ ፋብሪካዎቹ ጭስ ከደመናው ጋር ተደባልቆ ከተማውን ሁሉ አጥቁሮታል፤ የመጫወቻው ሣርም ውሃ ጠጥቶ ረግረግ መስሏል። ከህንድ አገር፣ ከሱራንፑር ግዛት የመጡት የክሪኬት ተጫዋቾች ካፖርታቸውን ደርበው፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ወሽቀው፣ በረንዳው ላይ ተደርድረው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

እኛ የሱራንፑር ሰዎች ያን ጉዞ ስናነሣ የምናወራው ስለ ልዑሉ ነው። ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ ከልዑሉ አልጀምርም፤ ስለ እሳቸው የሚያወራ ሞልቷል።

የዚያ ቡድን ዐይን ጋንፓት ሳዋንት ነበር፤ አባቱ የልዑሉ ፈረሶች ባልደራስ፣ እሱም እዚያው በጋጣው አጥር ግቢ ተወልዶ ያደገ። ዱላ ሲይዝ ይመታል፤ ኳስ ሲወረውር የተቃራኒውን ሰው ያስወጣል፤ የተመታ ኳስ ደግሞ አየር ላይ ይቀልባል። እንዲህ ያለ ሁለገብ ተጫዋች በዘመን አንዴ ቢገኝ ነው፤ እንግሊዞቹም አይተው ጉድ ብለዋል።

የቡድኑ አለቃ ግን ልዑል ኡዳይባን ሲንግ ነበሩ፤ የመርከቡንም የሆቴሉንም የከፈሉት እሳቸው ናቸውና አለቅነቱን ማን ይወስድባቸዋል! ልዑሉ እጃቸው መጥፎ አልነበረም፤ ኳስ ይመታሉ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በክሪኬት የመታ ሰው ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው መሮጥ አለበት፤ ነጥብ የሚቆጠረው በሩጫው ነው፤ ልዑሉ ደግሞ ከወንበር ለመነሣት እንኳ ሁለት አሽከር የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ለዚህም መላ አገኙ። የጨዋታው ሕግ እግሩ የታመመ መቺ ጓደኛውን ተክቶ እንዲያስሮጥ ይፈቅዳል፤ ነጥቡ የሚጻፈው በታማሚው ስም ነው፤ ሯጩ መስመሩ ላይ ሳይደርስ ኳሷ ቀድማ የተተከሉትን እንጨቶች ከጣለችም ከጨዋታው የሚወጣው ታማሚው ነው። እናም የልዑሉ እግር በየጨዋታው ይታመም ጀመር! እንግሊዞቹም የልዑል እግር ነውና ማን ደፍሮ «እስቲ ያሳዩን» ይበል? ጋንፓት ለራሱ ሲመታ ሮጦ፣ ኳስ ሲወረውር ውሎ፣ ከዚያ ደግሞ ለልዑሉ ይሮጣል።

በዚያ ሰሞን የከተማው ክለብ ሹም ሚስተር ሆልሮይድ ጋንፓትን ለመቅጠር ጠየቀ፤ ደመወዝ ከቤት ጋር፣ አባቱንም ቢያስመጣ ፈቃዱ ነው። ጋንፓት ያን ቀን ምግብ አልበላም፤ ደስታው አጥግቦት። ነገር ግን የይለፍ ወረቀቱ በልዑሉ አጋፋሪ እጅ ነው፤ አባቱም በልዑሉ ግቢ ነው የሚኖረው። ያለ ልዑሉ ቃል ንቅንቅ አይልም።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ እጅ ነሥቶ ለመነ።

ልዑሉ በቅመም የተዘፈዘፈ የማንጎ አቻራቸውን በዳቦ እየጠረጉ፣ «አንተ እኮ ታውቃለህ» አሉ፤ «ወንድማችን ንጉሡ ማሃራጃ፣ ‹በሕይወትህ ሃምሳ ነጥብ አግብተህ አታውቅም› እያለ ሰው ፊት ያሾፍብናል። ሃምሳዋን አግባልንና ሂድ። ቃላችን ነው።»

ይህን የሰማው የቡድን ጓደኛው ካይኩሽሩ ዳሩዋላ፣ ጥንት ከፋርስ ከተሰደዱት ከቦምቤይ ፓርሲዎች ወገን የሆነው፣ ጋንፓትን በረንዳው ጥግ ያዘው። ካይኩ የልዑሉ ገባር አይደለም፤ ስለዚህ አፉ አይያዝም።

«ስማኝማ፣ ሰውዬው እያታለለህ ነው።»

«ቃሉን ሰጥቶኛል እኮ።»

«ቃል! ቁርስ ላይ የተናገረውን ምሳ ላይ መቼ ያስታውሰዋል? አንተ ሞኝ፣ ሃምሳ ካገባህለትማ እንዴት ብሎ ይለቅሃል? ካላገባህለት ደግሞ ቆዳህን ይገፈዋል።»

«እና ምን ላድርግ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«እኔማ ምን አለብኝ» አለ ካይኩ፤ «የኔ አባት ዳቦ ጋጋሪ ነው። የማንንም ፈረስ አይጠብቅም።»

ዝናቡ አባርቶ ጨዋታው ተጀመረ። በክሪኬት መቺዎች ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚገቡት፤ ከልዑሉ ጋር የገባው መቺ ራሱ ካይኩ ነበር፤ ልዑሉ ሲመቱ ከወዲያኛው መስመር ካይኩ፣ ከወዲህኛው ጋንፓት እየተሻገሩ ይሮጣሉ። ልዑሉ ዱላቸውን ተመርኩዘው እንደ ዳኛ ይመለከታሉ። ነጥቡ ሃያ ገባ፤ ሠላሳ ገባ፤ ጋንፓት ጭቃው ጉልበቱ ድረስ ለጥፎበት፣ ደረቱ እየተቃጠለ፣ አንድ በሚሮጥበት ላይ ሁለት እየሮጠ አርባ ዘጠኝ አደረሰላቸው።

ከዚያ ልዑሉ ኳሷን ነካ አደረጓት፤ ሄዳ እፊታቸው ካለው ክንደ ብርቱ እንግሊዛዊ እግር ሥር አረፈች።

«ተመለስ! አይሆንም! ተመለስ!» ብሎ ጮኸ ካይኩ።

ጋንፓት ግን ተነሥቷል። የታየው የላንካሻየር ቤትና ደጁ ላይ የተቀመጠ አባቱ ነበር። ካይኩም እየተራገመ ሮጠ። ኳሷ ስትወረወር ጋንፓት በደረቱ ተዘርግቶ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ፤ በእጁ የያዘው የሯጭ ዱላ ጫፍ መስመሩን ሲነካና እንጨቶቹ ሲወድቁ እኩል መሰለ። ዳኛው ራሱን ነቀነቀ፤ አልወጣም!

ሕዝቡ አጨበጨበ። ልዑሉ ቆባቸውን አንሥተው ለአራቱም ማዕዘን ሰላምታ ሰጡ። ጋንፓት ከአፉ ጭቃ ይተፋል።

ምሳ ላይ ልብሱን እንኳ ሳይለውጥ ገባ፤ እንደ አገራችን ደንብ ጎንበስ ብሎ የልዑሉን እግር ዳሰሰ። ሆልሮይድ አጠገባቸው ቆሟል።

«ልዑል ሆይ፣ ቃልዎን ብዬ ነው።»

«የምን ቃል?» አሉ ልዑሉ፤ ከዚያ ትዝ አላቸውና ወደ ሆልሮይድ ዞረው በእንግሊዝኛ፣ «ለካ ይህን ሰው የምትፈልጉት እናንተ ናችሁ! እንዴ፣ እግሬን ቆርጬ ልስጣችሁ? ሃምሳ ያገባሁት ዛሬ ነው፤ ገና መቶ አለብኝ፤ በምን ልሩጥላችሁ?» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። አጋፋሪው ሳቀ፤ ተጫዋቾቹም ፈርተው ሳቁ። ሆልሮይድ ጋንፓትን ጥቂት አየውና፣ እሱም ፈገግ ብሎ ባርኔጣውን አነሣ። የልዑል ወዳጅነት ለክለቡ ይጠቅመዋል፤ ምን ያድርግ።

ልዑሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአገራቸው ቋንቋ ጨመሩ፦ «አባትህ ሳል ይዞት ነበር አሉ። ደግነቱ ቤቱ ሙቀት አለው። በስተርጅና ከዚያ ቤት መውጣት እኮ ከባድ ነው።»

«አዎን ጌታዬ» አለ ጋንፓት። ሌላ ምን ይበል? እኔ ይህን ስተርክ ደሜ ይፈላል፤ እሱ ግን ያችኑ ብቻ አለ።

በሚቀጥለው ጨዋታ፣ በደርቢ ከተማ፣ ጋንፓት ቁርጥ አደረገ። ለካይኩ አስቀድሞ ነገረው፦ «ዛሬ መሐል ላይ እቆማለሁ። ዜሮ ላይ ይውጣና ቢፈልግ ይግደለኝ።» ካይኩም፣ «ቁም! እኔም አንድ እርምጃ አልነቃነቅልህም» አለው።

ልዑሉ ገና ሳይገቡ እግራቸውን አመማቸው። የመጀመሪያዋን ኳስ መቱ። ካይኩ ከወዲያ ሆኖ አየ፤ ጋንፓት ሮጦ ከመሐል ሲደርስ ፍጥነቱን ገታ አደረገ፤ ፊቱ ተጨማደደ፤ ከዚያ ዐይኑን ጨፍኖ ሩጫውን ቀጠለ። ካይኩም ወዶ ሳይሆን ሮጠ። ያን ቀን ሲሮጡ ዋሉ።

ሲመሽ፣ «ምነው?» አለው ካይኩ፤ «እቆማለሁ አላልክም?»

ጋንፓት ጫማውን እየፈታ ነበር። «ቁሙ ብያቸው ነበር» አለ፤ «እግሮቼ እኔን አይሰሙኝም። ለካ የኔ አይደሉም።»

የዚያ ሰሞን ጋዜጦች ልዑል ኡዳይባን ሲንግ ከግዙፍነታቸው ጋር የማይሄድ ቅልጥፍና እንዳላቸው ጻፉ፤ ሜዳ የመጣ ጋዜጠኛ አልነበረም ማለት ነው። ጋንፓት ጉልበቱ እስኪከዳው ለዓመታት ሮጠ፤ ላንካሻየርን ዳግም አላየም፤ አባቱም እዚያው ሙቀት ባለው ቤት ሞተ። ኋላ ህንድ ነፃ ወጣች፤ የመሳፍንቱ ግዛቶች ቀሩ፤ የልዑሉ ሃምሳ ነጥብ ግን ዛሬም በሱራንፑር ክለብ ግድግዳ ላይ በነሐስ ተቀርጾ ይገኛል። የጋንፓት ስም ለምን የለም ብዬ የክለቡን ጸሐፊ ጠይቄው ነበር፤ እሱም በትሕትና፣ «አባቴ፣ እንደ ሕጉ እኮ እሱ በዚያች ሰዓት አልተጫወተም» አለኝ።