ፍሪጅ ውስጥ የሚበራ አምፖል

«ማሪት? ኮራ ነኝ።»

ማሪት ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ የቦት ጫማዋን እያወለቀች ነበር፤ አንዱን እግሯ ላይ እንዳለ ተወችው። ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ገና መውረዷ ነው፤ ሽፋሽፍቷ ላይ የያዘው በረዶ አልቀለጠም። ኮራ የማሪት አባት አሁን አብሯት የሚኖራት ሴትዮ ልጅ ናት። ዐሥር ዓመቷ ነው። ደውላላት አታውቅም።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ፍሪጁ ሞቷል! ጋራዥ ያለው። ላይኛው ክፍል ያለው ሥጋ እየለሰለሰ ነው፣ ደሙ በበሩ እየወረደ ነው። እማዬ የለችም፣ ዴልም ስልክ አያነሳም። የዚህን ፍሪጅ ጠባይ የምታውቂው አንቺ ነሽ ሲል ሰምቼ ነው።»

ኮራ የማሪትን አባት «ዴል» ብላ መጥራቷ ማሪትን ሁልጊዜ ያስገርማታል።

ፍሪጁን ማሪት በእርግጥ ታውቀዋለች። እስከ ገና ድረስ እዚህ፣ የራሳቸው ጋራዥ ውስጥ ነበር። በሰሜን ሚኒሶታ ብርድ ጋራዥ ውስጥ የሚቀመጥ ፍሪጅ ይሞኛል። ሙቀት የሚለካው ታችኛው ክፍል ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ጋራዡ ራሱ ሲቀዘቅዝ የበቃው ይመስለውና ሞተሩን ያጠፋል። ያ ብርድ ግን ላይ፣ በረዶ መያዣው ክፍል ውስጥ ላለው ሥጋ አይበቃም፤ ቀስ እያለ ይቀልጣል። መላውን ያሳያት አባቷ ነው፤ ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ታችኛው ክፍል ውስጥ የድሮውን ዓይነት፣ ሲበራ የሚሞቀውን አምፖል ማብራት። አምፖሉ ውስጡን ለብ ሲያደርገው ሞተሩ ይነሳል። ከዚያ ወዲህ በየብርዱ ወራት፣ ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቶ አምፖሉን ማየት የማሪት ሥራ ሆነ። አባቷ ባለፈው በጋ ጥሏቸው ሲወጣም አላቋረጠችም።

ሥጋውም የእሷ ነው። ኅዳር ላይ አባቷ ለአደን ይዟት ወጥቶ በሕይወቷ የመጀመሪያውን አጋዘን ጣለች። «ገና ላይ እኔና አንቺ ቋሊማ እናደርገዋለን» አላት። ገና ግን እሱ ሳይመጣ አለፈ። ከዚያ መኪና ይዞ መጣና ፍሪጁን ከነሥጋው ጫነው። «እዚያ ሰፊ ጠረጴዛ አለ፤ እደውልልሻለሁ» ብሏት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሲጮህ ሁሉ ትሮጣለች።

«ታች አምፖል የለም?» አለች ማሪት።

«ነበረ። እማዬ ‹ፍሪጅ ውስጥ መብራት ምን ሊሠራ ነው፣ እብደት!› ብላ አወጣችው።»

«አባዬስ?»

«ሳቀ። እባክሽ ማሪት፣ ቅዳሜ ቋሊማ ልንሠራ ነው። የሥጋ መፍጫውን ሁሉ ገዝቶልኛል።»

«ማን ነው የሚሠራው?»

«እኔና ዴል። አንቺንም እንጥራት ብዬው ነበር እኮ። ‹ማሪት አድጋለች፣ እንዲህ ያለ ነገር አይመቻትም› አለኝ።»

ማሪት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከጫማዋ የቀለጠው በረዶ ሱሪዋን ሲያርሰው እንኳ አልተነሳችም። «አልቆለታል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም» ብትል ልጅቷ ታምናታለች። እስከ ማታ ሥጋው ይበላሻል። ቅዳሜ ያ ሰፊ ጠረጴዛ ባዶውን ይቀራል። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«ማሪት፣ አለሽ? ሲመጣ እኔ ላይ ነው የሚጮኸው። በሩን ከፍተሽ ትተሽ ነው ይለኛል።»

ያንን ጩኸት ማሪት ታውቀዋለች።

«አምፖሉን ጥላዋለች?»

«አይ፣ መደርደሪያው ላይ አለ።»

«ታችኛው ክፍል አስገቢው። ሽቦውን በበሩ ጠርዝ አውጪና ሶኬት ላይ ሰኪው። በሌላ አምፖል እንዳትለውጪው፤ አዲሶቹ አይሞቁም። ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂ። ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ ያስነጥሳል።»

ጠበቁ። ኮራ አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማል።

«አስነጠሰ!» ብላ ጮኸች። «ተነሳ! በእናትሽ፣ ዴል የገደለው አጋዘን ዳነ በያ!»

«ዴል አልገደለውም» አለች ማሪት። «የገደልኩት እኔ ነኝ።»

 «እሱ ግን እኔ ገደልኩት ብሎ...» ብላ ኮራ ጀመረችና ተወችው።

በሩ ተከፈተና የማሪት እናት ሮንዳ ገባች። አረጋውያን ከምትጦርበት ቤት ከሥራ መመለሷ ነው።

«እማ፣ ካፖርትሽን አታውልቂ። አባዬ ጋ አድርሺኝ።»

«እዚያ ደጅ ድርሽ አልልም ብዬሻለሁ።»

«መኪና ውስጥ ቆዪ። እኔ ነኝ የምገባው።»

እናቷ እርጥብ ሱሪዋን አየች፤ ፊቷንም አየች። ምንም ሳትጠይቅ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሷ መልሳ አወጣች።

ኮራ የጋራዡን በር በነጠላ ጫማ ወጥታ ከፈተችላት። ፍሪጁ ጥግ ላይ ቆሞ ያጉረመርማል። ማሪት የላይኛውን በር ከፍታ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገቻቸው፤ ከላይ ቢለሰልሱም መሃላቸው ገና ድንጋይ ነው። ይዛ በመጣችው ሳጥን ውስጥ ደረደረቻቸው። ኮራ እጇን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ደብቃ ታያለች።

«ሁሉንም ልትወስጂው ነው?»

«አዎ።»

«ቅዳሜስ?»

 ማሪት ልትጠላት ፈልጋ ነበር፤ በመንገድ ላይም ለዚያ ስትዘጋጅ ነው የመጣችው። ግን ልጅቷ በዚያ ብርድ በነጠላ ጫማ ቆማ የእግር ጣቶቿ ቀልተዋል።

«ቅዳሜ እኛ ቤት ነው የሚሠራው። መፍጫውን ይዘሽ ነይ። እናትሽ ታድርስሽ።»

«ዴልስ?»

ማሪት የፍሪጁን በር ገጥማ ዘጋችው። ሽቦው እንዳይቆነጠጥ በጣቷ አስተካከለችው።

«እሱን አልጠራሁትም» አለች።

ሳጥኑን ተሸክማ ወጣች። መኪናው መንገዱን ይዞ ሐይቁን መዞር ሲጀምር ስልኳ ጮኸ። «አባዬ» ይላል። ዛሬ ግን አልሮጠችለትም። እናቷ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፦

«አታነሺውም?» አለቻት።

«ቅዳሜ ካለፈ በኋላ» አለች ማሪት፣ ሁለት እጇን ሳጥኑ ላይ እንዳደረገች።