ከኦምዱርማን የመጣው ሣጥን

እኔ ጂን ታየ፣ ጨለማ ውስጥ ድምፅ ተሰማ የሚባል ወሬ ሲጀመር ብድግ ብዬ ዕቃ ማጠብ የምጀምር ሰው ነኝ፣ ስለምፈራ ሳይሆን ስለማላምን፣ ደግሞም ሰው መሀል ቁጭ ብሎ «ይሄማ ውሸት ነው» ለማለት ድፍረቱ ስለሌለኝ። ኮምቦልቻ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምሬያለሁ፣ እዚህ ካርቱም ደግሞ ማንሺያ ሰፈር አንድ ቤት ልጆች እጠብቃለሁ፣ ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቃቸው አትጠይቁኝ፣ ብቻ ትምህርቱ አንድ ነገር አስይዞኛል፣ ዕቃ ሲበላሽ ምክንያት አለው። እስከዚያች ጁምዓ ድረስ በዚህ ነበር የምኖረው።

ቤታችን ቡሪ ሰፈር ነው፣ ከታላቅ ወንድሜ ከሰይድና ከሚስቱ ከሙሚና ጋር። ሰይድ ከፍ ያለች፣ ሰባት ሰው የምትጭን ነጭ አውቶማቲክ መኪና አለችው፣ በእሷ ገዳሪፍ ድረስ ሰው ያመላልሳል። ያን ሰሞን ካምቢዮዋ ታመመ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ትቆለፍና ቢለምኗት አትቀይርም። ሙሚና ደግሞ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፣ እናቷ ያሉት ገዳሪፍ ነው፣ እናቴ ዘንድ ካልወለድኩ ብላ ቃል አስገብታዋለች፣ ቅዳሜ ማለዳ ሊወስዳት ተቆርጧል፣ መኪናዋ ግን ሁሽ ውስጥ፣ ማለት ግቢያችን ውስጥ፣ ቆማለች።

ጋሽ ተክሌን ጠራናቸው። ጋሽ ተክሌ ሃያ ዓመት ካርቱም የኖሩ የጎንደር ሰው ናቸው፣ እጃቸው ወርቅ የሆነ መካኒክ፣ እንግሊዝኛ ግን አያነቡም፣ ስለዚህ ላፕቶፕ የሚጠይቅ ሥራ ሲገጥማቸው «መሐንዲሷን ጥሩልኝ» ይላሉ፣ እኔም በልቤ ደስ ይለኛል፣ ካገሬ ከወጣሁ እንዲህ ብለው የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ላፕቶፑን ሰክተን ሳነብላቸው ሁሉም ነገር ወደ አንድ ቦታ ጠቆመ፣ ካምቢዮውን የሚያዘው ኮምፒውተር ተቃጥሏል። መጽሐፍ የምታህል ሣጥን ናት፣ ማርሹ መቼ እንደሚቀየር የምትወስነው እሷ ናት። አዲስ መግዛት የማይታሰብ ነው፣ ሰይድ ኦምዱርማን ተሻግሮ ከተገጨ መኪና የተፈታች ይዞ መጣ። «ከፊት ነው የተመታው፣ ሣጥኗ ንጹሕ ናት» ብሎታል ሻጩ፣ የት እንደተገጨ ሰይድም አልጠየቀ፣ ሰውዬውም አልነገረው።

ጁምዓ እኩለ ቀን ሰይድ ለሶላት ሲወጣ እኔና ጋሽ ተክሌ ከዳሽቦርዱ ሥር ተጎንብሰን የተቃጠለችውን ፈትተን የመጣችውን ገጠምናት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጥፋት ካለ ያለው እዚህ ነው። እንዲህ ያለች ሣጥን የሾፌሯን ጠባይ ትለምዳለች፣ ነዳጅ አረጋገጡን፣ ፍጥነት አቀናነሱን፣ በዚያ ልክ ማርሿን ታስተካክላለች። ላፕቶፑ የለመደችውን ላጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«ጋሽ ተክሌ፣ እናጥፋው?»

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ሃያ ይላል።»

«ባትሪሽስ?»

«አሥራ አንድ ፐርሰንት።» መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ላፕቶፑ መሀል ላይ ቢጠፋ ሣጥኗ ትበላሻለች።

«ተይው በቃ፣ የተማረ ልጅ እንደገና አንደኛ ክፍል አይገባም» አሉና ሳቁ። እኔም አታጥፋ የሚለውን ተጫንኩ።

ለሙከራ ወጣን፣ እኔ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ የማየውን ማርሽ እየጠራሁላቸው። ካርቱምን በጁምዓ ሶላት ሰዓት ታውቋት እንደሆነ፣ ሰው ጥሏት የሄደ ከተማ ነው የምትመስለው፣ ራክሻ፣ የእኛው ባጃጅ፣ እንኳን የለም፣ ሙቀቱ ብቻ አስፋልቱ ላይ ይርገበገባል። «ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እላለሁ፣ መኪናዋ ልስልስ ብላ ትቀይራለች፣ ጋሽ ተክሌ ማፏጨት ጀመሩ።

አንድ ጠባብ መንገድ ገብተን ሰማያዊ የብረት በር ያለው ግቢ ጋ ስንደርስ መኪናዋ ራሷ ፍጥነቷን ቀነሰች። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። የጋሽ ተክሌ እግር ፍሬን ላይ አልነበረም፣ እመኑኝ፣ እያየሁት ነበር። የማርሹ ዘንግ መንጃው ላይ እንዳለ የላፕቶፑ ስክሪን «ቆማለች» አለ፣ ወዲያው የአራቱም በሮች ቁልፍ ቀጭ ብሎ ተከፈተ፣ ሰው ልታስገባ የቆመች ይመስል።

«ጋሽ ተክሌ...»

«ሽቦ ነው። የላላ ሽቦ አለ።»

ዞረን መጣን። ሌላው መንገድ ላይ ምንም የለባትም፣ ሰማያዊው በር ጋ ስትደርስ ግን እንደገና፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ቀጭ። ጋሽ ተክሌ ፉጨቱን ተዉት። «አንዴ እንድገማት፣ ከዚያ ወደ ቤት» አሉ።

በሦስተኛው በሩ ተከፈተ። ነጭ ቶብ የለበሱ አሮጊት፣ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው ትንሽ ዘንቢል ይዘው ቀጥ ብለው ወደ እኛ መጡ፣ ዓይናቸው አያይም፣ የሚመራቸው ዱላው ነው። የኋላውን በር ራሳቸው ከፈቱት።

«ኢተአኸርታ ያ ወለዲ» አሉ፣ ዘገየህ ልጄ።

ጋሽ ተክሌ በዐረብኛ መለሱላቸው። «ሐጃ፣ ተሳስተዋል፣ እኛ መንገደኞች ነን።»

አልደነገጡም። መቀመጫውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ጨርቅ መርጦ እንደሚገዛ ሰው። «ወንበሩ የእኛ አይደለም» አሉ፣ «ድምፁ ግን የእኛ ነው። ልጄ እኔን እንዳያንገጫግጨኝ ፍሬን አይረግጥም፣ በማርሽ ነው የሚያቆማት። ዛሬ ሦስቴ ሰማሁት።»

«ልጅዎ የት ሄዶ ነው?»

«ገዳሪፍ። ጁምዓ እመጣለሁ ብሎኛል።»

የትኛው ጁምዓ እንደሆነ ጋሽ ተክሌ አልጠየቁም፣ እኔም አልጠየቅሁም። አሮጊቷ «ቀስ በሉ እሺ» ብለው በሩን ዘጉልን።

ሃያ ሜትር ሳንሄድ የኋላው ቀበቶ ደወል ጀመረ፣ ሰው ተቀምጦ ቀበቶ ሳያስር ሲቀር የሚጮኸው። ዞሬ አየሁ፣ መቀመጫው ባዶ ነው፣ አሮጊቷም በራቸው ላይ ቆመው ይታዩኛል። ጋሽ ተክሌ አማተቡ። ላፕቶፑ ጠፋ፣ ደወሉ ግን ቤት እስክንደርስ አብሮን ሄደ፣ ሁሽ ገብተን ስንቆም ቁልፉ ቀጭ አለ፣ ደወሉም ያኔ ዝም አለ።

ሰይድ ከሶላት ተመልሶ እየጠበቀን ነበር። «እህሳ ጋሽ ተክሌ፣ ነገ እንሂድ?»

«ማር ሆናለች» አሉት፣ እኔን ሳያዩ።

ሙሚና ሆዷን ደግፋ ወጣችና የኋላውን መቀመጫ መታ መታ አደረገችው። «እዚህ ነው የምጋደመው፣ ፋጡ፣ ትራስ እንዳትረሺብኝ» አለችኝ።

መናገር ነበረብኝ። ግን ምን ብዬ? አሱር ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰይድና ሙሚና ጋደም ሲሉ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ የሣጥኗን ፊውዝ ነቀልኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ጥፍር የምታህል ነገር ናት። ቅዳሜ ማለዳ መኪናዋ አልነሳም አለች። ሰይድ ጋሽ ተክሌ ጋ ደውሎ ጮኸባቸው፣ እሳቸውም ስልኩን ለእኔ እንዲሰጠኝ ነግረውት «መሐንዲሷ፣ ፊውዞቹን አይተሻል?» አሉኝ። «አይቻለሁ፣ ሁሉም ደህና ነው» አልኳቸው። አመኑኝ።

በአውቶቡስ ሄዱ፣ በሰላም ደረሱ፣ ሙሚና ሴት ልጅ ወለደች። ሰይድ ግን ተክሌ ሥራ ረስቷል ብሎ በስልክ ለቡሪ ሁሉ አዳረሰ፣ እሳቸውም አሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ብለው ያልፋሉ፣ መሐንዲሷ አይሉኝም። በመኪናዋ ሄደው ቢሆን ምን ይሆኑ ነበር? ምናልባት ምንም። ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ ያዳንኳቸው ይሁን የአንድ ደግ ሰው ስም ብቻ ያጠፋሁ ይሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም።

ስድስት ሳምንት መኪናዋ ሁሽ ውስጥ ቆመች፣ በየጁምዓው፣ ሰው ሶላት ላይ ሲሆን፣ በሮቿ ቀጭ ይላሉ። ተከፈቱ ብላ የምታዛቸው ሣጥን ፊውዟ እኔ ጋ ነው፣ ኃይል የምታገኝበት መስመር የለም፣ ሽቦውን ሁሉ በወረቀት ሥዬ ፈለግሁ፣ ምክንያቱን አጣሁት።

ገዳሪፍ ከሙሚና ጋር የቆየው ሰይድ ከሦስት ቀን በፊት ተመለሰ። ነገ ሌላ መካኒክ ይመጣል፣ የጎደለውን ፊውዝ ለማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም፣ እሑድ ደግሞ ሰይድ ሙሚናንና ሕፃኗን ሊያመጣ በመኪናው ይወጣል። ስለዚህ ዛሬ፣ ሐሙስ ነው ዛሬ፣ ከሥራ ስመለስ ቆርጬ፣ ፊውዙን መዳፌ ውስጥ ጨብጬ፣ ሁሉንም ልነግረው ወደ ሁሽ ገባሁ። ጎማ እያጠበ ነበር። ቀና ሳይል፣

«ፋጡ፣ የኋላውን በር ከፍተሽ የተውሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

«ዝጊው እንግዲህ፣ አቧራ ይገባል።»

ፊውዙን እንደጨበጥኩ ሄጄ ዘጋሁት። ከመዝጋቴ በፊት ግን፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እጀታውን ይዤ፣ ሰው እስኪገባ ያህል፣ ትንሽ ጠበቅሁ።