ሁለት ብርጭቆ

«አባባን የገደለው ያንተ ቅጠል ነው! ያንተን ሳል ያላዳነ ቅጠል ካንሰር ሊያድን?»

«ፀጉሩን ያረገፈው፣ አጥንቱን ያስቆጠረው ያንቺ ኬሞ አይደለም? ደግሞ ሐኪሙ ከከለከለ ወዲህ ቁንጣሪ አላመጣሁም!»

እህትና ወንድም በባዶው አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው ይነታረካሉ። እናታቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው የሟች ባላቸውን ሹራብ ያጥፋሉ፣ ይፈታሉ፣ መልሰው ያጥፋሉ።

ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» የሚሉት መርማሪ በሩን ተደግፎ አዳመጣቸው። የአስከሬን ምርመራው ነገሩን አውጥቶታል፤ ቅጠሉ ጉበቱን አድክሞት፣ የኬሞው ኪኒን ከደም ሳይወጣ ተጠራቅሞ መርዝ ሆኗል። የቀረው ማን አጠጣው የሚለው ነው።

«የተረፈውን የቅጠል ዱቄትስ?» ሲል ጠየቀ።

«እማዬን ጣዪው ብያታለሁ» አለች ልጅቷ።

ከራስጌው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ብርጭቆ አለ። አንደኛው ወገቡ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። መርማሪው አነሳና አሸተተው፤ ሥሩ አረንጓዴ ነው።

«ክሩ ለምንድን ነው፣ እናቴ?»

«እንዳይምታታብኝ ነዋ።»

ወደ ሐኪሙ ደወለ። «እናትየውን ሲከለክሉ ምን ብለው ነበር? ቃል በቃል።»

«ቅጠሉንና ኪኒኑን አንድ ላይ እንዳይሰጡት አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?»

መርማሪው ዓይኑን ጨፈነ። «እስኪ እዚህ ይምጡልኝ።»

ሐኪሙ ሲደርስ ሁሉንም አስቀመጣቸው።

«ልጁ አላመጣም፤ ልጅቷ ቀኑን ሥራ ላይ ናት። ዱቄቱ ግን አልተጣለም። ሊገድል የፈለገ ሰው ከኪኒኑ ውሃ ጋር በጥብጦ ይሰጥ ነበር። ብርጭቆ የሚለይ ሊያድን የፈለገ ነው። ዶክተር፣ እርስዎ ጨርሶ እንዳይሰጡት ማለትዎ ነበር። እናትየው ግን ‹አንድ ላይ› ሲባሉ፣ በአንድ ብርጭቆ መስሏቸዋል። ኪኒኑን ጠዋት፣ ቅጠሉን ከሰዓት።»

«አንድ ቀን እንኳ አላቀላቀልኩም፣ የኔ ልጅ» አሉ እናትየው። «የማጥበው ራሱ ለየብቻ ነው።»

መጀመሪያ የገባት ልጅቷ ናት፤ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«አስተካክለህ ብትነግራት ምን ነበረበት?» ልጁ ሐኪሙ ላይ ጮኸ።

«ቅጠሉን ያመጣኸው አንተ!» አለች ልጅቷ።

«ጣዪው ብለሽ ትተሻት የሄድሽው አንቺስ?»

ሦስቱም ተነሥተው ቆሙ፤ መርማሪው መሀላቸው ገባ። እናትየው «ያጠጣሁትስ እኔ ነኝ» ብለው አጉተምትመው ሹራቡን ትራሱ ላይ አኖሩ። ክር ያለበትን ብርጭቆ አንሥተው በግድግዳው ጥግ ጥግ አለፉ።

የውጭው በር ቀስ ብሎ ተዘጋ። ዞር ያለ አልነበረም።