ለእናትሽ ንገሪያት

ሰማዩ ሲያጉረመርም እናናየሁ ሰሌን ላይ የተሰጣውን የበግ ጠጉር መሰብሰብ ጀምራ ነበር፤ ግን አልደረሰችም። ዝናቡ በጎረቤታቸው በመሪጌታ ገብረኪዳን አዲስ ቆርቆሮ ላይ ተጠራቅሞ እየተንደረደረ መጣና፣ አጥሩን አልፎ እነሱ ግቢ ውስጥ ተዘረገፈ። የጠጉሩ ግማሽ ጭቃ ለበሰ። እናቷ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ወገቧ እስኪቆረጥ አጥባ ያነጣችው፣ ተፈትሎ ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሆን፣ የእናትና የልጅ የዓመት ጉርስ ያለበት ጠጉር ነው።

እናቷ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ ወጣች። መጀመሪያ ጠጉሩን አየች፤ ቀጥላ ቀና ብላ የቆርቆሮውን ጫፍ አየች። ጫፉ ከአጥሩ ክንድ ያህል አልፎ በእነሱ ግቢ ላይ ተንጠልጥሏል። ውሃው በሚያርፍበት በኩል የራሳቸው ቤት ግድግዳ ምርጊቱ መርገፍ ጀምሯል።

«መሪጌታ፣ አንዴ ይምጡልኝ» ስትል ተጣራች።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአጥሩ ወዲያ ብቅ አሉ። በማሕሌት ጊዜ ድምፃቸው ደብረ ብርሃንን ከዳር እስከ ዳር የሚያዳርስ፣ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ግን ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ይህ ውሃ የት እንዲወርድ አስበው ነው የሠሩት?»

«አሸንዳ አዝዣለሁ፤ ቆርቆሮ ሠሪው አዘገየብኝ እንጂ። ነገሩንማ ከመጀመሬ በፊት አስፈቅጄሽ የለ?»

«እኔን?»

«አንቺን። አስጠይቄሽ እሺ ብለሻል።»

«እኔ እሺ ያልኩት ነገር የለም። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ ምን ታመጣለች ብለው ነው እንጂ።»

የመሪጌታ ፊት ተለዋወጠ። «ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ፣ ልጅሽን ልኬ ነው ያስጠየቅሁሽ።»

እናና፣ ሰው ሁሉ የሚጠራት እንዲህ ነው፣ እርጥቡን ጠጉር እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች። እናቷ ዞር ብላ አየቻት።

«ልከውሽ ነበር?»

እናና መናገር ፈልጋ ነበር። ከየት እንደሚጀመር ግን ጠፋባት። እናቷ ጥቂት ጠበቀችና ዝምታዋን እንደ መልስ ወሰደችው።

«ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ ከእኔ አትደብቅም» አለች ወደ አጥሩ ተመልሳ። «እሑድ ዳኛው ባላምባራስ ኃይለሚካኤል መጥተው ይዩልን። እሳቸው ካልቻሉ ማዘጋጃ ቤት አለ። ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ምን እንደሚደረግ እነሱ ያውቁበታል።»

ምን እንደሚደረግ እናናም ታውቃለች። ይፈርሳል።

ነገሩ የተጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነበር። አንኮበር የሚኖሩት የመሪጌታ እናት፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ፣ እግራቸው ከዳቸውና ልጃቸው ዘንድ እንዲመጡ ተወሰነ። የመሪጌታ ቤት ግን ከነጓዳው አልጋ የሚያስገባ ቦታ የለውም። እማሆይ ከገቡ አንድ ሰው መውጣት ነበረበት፤ እንድትወጣ የታሰበችውም የመሪጌታ ልጅ ወርቅአገኘሁ ናት፣ ደብረ ሲና አክስቷ ዘንድ። ወርቄና እናና ፊደል ከቆጠሩ ጀምሮ ተለያይተው አያውቁም፤ የስምንተኛ ክፍልንም ፈተና አብረን እናልፋለን ተባብለዋል። ስለዚህ መሪጌታ ከቤታቸው ጎን አንዲት ክፍል ለመቀጠል ሲያስቡ፣ ከባለቤቶቹ ይልቅ የጨፈረችው እናና ነበረች።

አንድ ቀን መሪጌታ በአጥሩ በኩል ጠሯት። «ለእናትሽ ንገሪያት፤ ክዳኑ ትንሽ ወደ እናንተ ያልፋል፣ ውሃውን ግን በአሸንዳ እመልሰዋለሁ። እሺ ካለች ብቻ ነው የምጀምረው።»

እናና እየሮጠች ገባች። እናቷ ጠጉር ልታጥብ የፈላ ውሃ ከድስት ወደ ገበቴ እየገለበጠች ነበር፤ እንፋሎቱ ፊቷን ጋርዶታል። እናና መልእክቱን ከዳር እስከ ዳር አንበለበለችው። እናቷ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

«እሕ።»

ይህን ድምፅ የማያውቅ ያገር ሰው የለም። አፍን በወጉ ሳይከፍቱ አዎ፣ እሺ፣ ሰምቻለሁ፣ ይሁን የሚባለው በእሱ ነው። የፈላ ውሃ የነካው ሰውም ትንፋሹን የሚስበው ልክ እንደዚያው መሆኑን እናና ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። እናቷ አንድ እጇን በሌላው ይዛ እፍ ስትልበት በጎን አይታለች። መልሳ መጠየቅም ትችል ነበር። ግን መልሳ ብትጠይቅ እምቢ ልትባል ነው። እግሯ ከእሷ ቀድሞ ወጣ።

«እሺ ብላለች» አለቻቸው መሪጌታን።

በማግሥቱ እናቷ የወለደች እህቷን ልትንከባከብ እነዋሪ ሄደች፤ እናናን ለመሪጌታ ቤት አደራ ብላ። ያን ሰሞን እናናና ወርቄ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭቃ ሲረግጡ፣ ሲመርጉ፣ ሲሳሳቁ ከረሙ። እናቷ ስትመለስ ክፍሏ ቆርቆሮ ለብሳ ጠበቀቻት። ቅር ቢላትም፣ አዲስ ቤት ለሠራ ጎረቤት ፊት ማጥቆር ነውር መስሎ ታያትና ዝም አለች። ዝናብ ገና ስላልነበረ ውሃው የት እንደሚወርድ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤት ወርቄ ከወትሮው ወንበራቸው ተነሥታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። በዕረፍት ሰዓት እናና ከባሕር ዛፎቹ ሥር አገኘቻት።

«አኮረፍሽ እንዴ?»

«እናትሽን ጠይቀሻታል ወይስ አልጠየቅሻትም?»

«ጠይቄያታለሁ።»

«እሺ ብላ ነበር?»

እናና በጫማዋ አፈሩን ጫረች። ወርቄ አፍጥጣ አየቻት።

«አንቺ ልጅ ጉድ ሠርተሽናል» አለች በመጨረሻ። «አባቴ ሊምል ነው፣ ታውቂያለሽ? እውነት ይዞም ቢሆን መማልን እንደ ሞት ነው የሚያየው። ከማልሁ በኋላ ማሕሌት አልቆምም ብሏል። ካልማለ ደግሞ ውሸታሙ መሪጌታ ሊባል ነው።»

«ብናገር እኮ ቤቱ ይፈርሳል። አንቺም ደብረ ሲና መሄድሽ ነው።»

ወርቄ ደብረ ሲና መሄድ እንደማትፈልግ ከፊቷ ላይ ይነበባል።

«እና አባቴ ይማልልን?» አለች። «ራሱ መጥቶ እናትሽን ያልጠየቀው እኮ ብቻዋን ያለች ሴት ቤት ሲገባ ታይቶ ሰው እንዳያማት ብሎ ነው። አሁን ናቀኝ ትላለች።»

ደወሉ ተደወለ። እናና ያን ቀን ምን እንደተማሩ ብትጠየቅ አንዱንም መመለስ አትችልም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባላምባራስ ኃይለሚካኤል መጡ። የሰፈሩ አጥቢያ ዳኛ ናቸው፤ ነገር ሲሰሙ ከዘራቸውን አገጫቸው ሥር ተክለው ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፣ የማያውቃቸው ሰው ተኙ ይላል። የቆርቆሮውን ጫፍ አዩ፣ የረገፈውን ምርጊት በጣታቸው ነካኩ፣ ከዚያ አጥሩ አጠገብ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«አስጠይቄያታለሁ ይላሉ እሳቸው» አሉ። «አልተጠየቅሁም ትያለሽ አንቺ። ልጅቱስ?»

«ልጄን ጠይቄያታለሁ» አለች ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ። «አልላኩኝም ብላለች።»

እናና ክው አለች። እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ አልወጣም። እናቷ ግን መዋሸቷ አልነበረም፤ የሰማች መስሏት ነው። ልክ እናና በዚያን ቀን መስማት የፈለገችውን እሺ እንደሰማችው።

መሪጌታ አንዴ እናናን አዩና ዓይናቸውን መለሱ። «ልጅ መሐል አላስገባም» አሉ። «ይህችን ልጅ ከልጄ ለይቼ አላያትም፤ ዋሸች ብዬ በአደባባይ አላዋርዳትም። መሐላ ካላችሁ እኔ እምላለሁ።»

ይህን ብለው ጥምጥማቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ወርቄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከአዲሷ ክፍል ውስጥ የእማሆይ ድምፅ ተሰማ። «ገብሬ፣ ተው አትማል። ቤቱ ይፍረስ። እኔ አንኮበሬ እመለሳለሁ።»

«ልከውኛል» አለች እናና።

ሁሉም ዞሩ። አንዴ ጀምራዋለችና ቀጠለች።

«መሪጌታ ልከውኛል፤ ለእማዬም ነግሬያታለሁ። እሺ ብላለች ብዬ የመለስኩትም እኔ ነኝ።»

«አላልኩም» አለች እናቷ ድንግጥ ብላ።

«አላልሽም። ትንፋሽሽን ነው የሳብሽው።»

ባላምባራስ ዓይናቸውን ገለጡ። «እንዴት አድርጋ?»

እናና አፍራ ሳለች ትንፋሿን ሳበችና አሳየቻቸው። «እሕ። እንዲህ። የፈላ ውሃ ነክቷት ነው። ማቃጠሉን አይቻለሁ፤ ግን ወርቄ እንዳትሄድብኝ ስለፈለግሁ እሺ አለች አልኩ። መሪጌታ አልዋሹም። እማዬም አልዋሸችም።»

ባላምባራስ ነገሩ ሲገባቸው በረጅሙ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። «እሕ።»

መሪጌታ ጥምጥማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀስ ብለው ጠየቁ። «ባላምባራስ፣ አሁን እሺ አሉን?»

ባላምባራስ አንድ አፍታ አፈጠጡባቸው። ከዚያ ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር፤ ሳቁን ሊውጡት ቢሞክሩም በሳል ወጣባቸው። ወርቄም አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያልሳቀችው ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ብቻ ናት፤ እጇ ላይ የቀረውን የቃጠሎ ጠባሳ በአውራ ጣቷ እያሻሸች ልጇን ታያለች።

«መሐላው ቀርቷል» አሉ ባላምባራስ ዓይናቸውን ጠርገው። «ይህች ሴት ግን እስከ ዛሬ አልተጠየቀችም ማለት ነው። አሁን ትጠየቅ። እሺ ካልሽ መሪጌታ አሸንዳውን ይሠራሉ፣ ግድግዳሽን ያስመርጋሉ፣ ማዘጋጃ ቤትም አብራችሁ ሄዳችሁ ፈቃዱን ታወጣላችሁ። እምቢ ካልሽ ክዳኑ ይነሣል። ዛሬ ካልመለስሽ ብዬ አላስጨንቅሽም፤ አስቢበት።»

ቤት ሲገቡ እናቷ እንዝርቷን ይዛ ተቀመጠች። እናና ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ስድቡ ቢመጣ ይሻላት ነበር።

«ልጄ አልላኩኝም ብላለች ብዬ በሰው ፊት ተናገርኩ» አለች እናቷ።

«እኔ እንዲያ አላልኩም። ዝም ነው ያልኩት።»

እናቷ እጇን ከፈትሉ አነሣች። እንዝርቱም ቆመ።

«እኔን ያንገበገበኝ ቆርቆሮው አይደለም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አባትሽ ቢኖር ኖሮ መሪጌታ ራሳቸው መጥተው ይጠይቁ ነበር።»

«ሰው እንዳያማሽ ብለው ነው ያልመጡት። ወርቄ ነግራኛለች።»

እናቷ ይህን አላሰበችውም ነበር። ፈትሉን አንሥታ ወደ ብርሃኑ አቀረበችው፤ የምታየው ግን ፈትሉን አይመስልም። እናና አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች፤ እናቷም ገፋ አላደረገቻትም።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ ወርቄ አጥሩ ላይ ተንጠላጠለች። ከኋላዋ መሪጌታ የቆርቆሮ አሸንዳ ይዘው ቆመዋል።

«አሸንዳው መጣ» አለች። «አባቴ ለእናትሽ ንገሪያት ብሎሻል። ልስቀለው ወይ? እሺ ካለች ነገ ማዘጋጃ ቤት አብረን እንሂድ ይላል።»

እናና ገባች። በዚህ ጊዜ አልሮጠችም። እናቷ እየፈተለች ነበር፤ አጠገቧ እሳትም የፈላ ውሃም የለም። እናና መልእክቱን አንዱንም ሳታስቀር ነገረቻት። እናቷ ዓይኗን ከፈትሉ ሳትነቅል ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

«እሕ።»

እናና ልቧ ዘለለ። ይህ አዎ ነው፤ የማያጠራጥር አዎ። ወርቄ ውጭ እየጠበቀቻት ነው፤ ከበሩ እስከ አጥሩ ደግሞ ቅርብ ነው።

ግን አልወጣችም። ተመልሳ እናቷ ፊት በርከክ አለች።

«እማዬ፣ እሱን ይዤ አልሄድም።»

«ምኑን?»

«ትንፋሹን። ነይና ራስሽ ንገሪያቸው። መሪጌታም እዚያው ናቸው።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። የቃጠሎውን ጠባሳ አንዴ ዳሰሰች። ከዚያ እንዝርቱን ሙዳዩ ውስጥ አስቀመጠችና ነጠላዋን ከማገሩ ላይ አወረደች። እናና ቀድማ ሄዳ በሩን ከፈተችላት።