አሜሪካ እስክትነቃ

ጀርመናዊውን ሚስተር ክላውስን ከማወቄ በፊት አውሮፓ ማለት ማንንም የማይለማመጥ ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ተቀጥሬ አለቃዬ ሲሆን ነው ጉዱን ያየሁት።

መቁረጫ ማሽኑ ከጀርመን ነው የመጣው፤ ማሽኑን የሚያዘው ፕሮግራም ግን የአሜሪካ። ሸሚዛችንን የሚገዛውም አሜሪካ። አንድ ቀን ሻይ ላይ ክላውስ ራሱ፣ «አገሬን የሚጠብቃትም የአሜሪካ ጦር ነው፤ ልጆቼም የሚዘፍኑት የእነሱን ዘፈን ነው» ብሎ ሳቀ።

«ታዲያ የራሱ የሆነ ምን አለው? እስቲ ጠይቅልኝ» አልኩት ሙንዚርን። የማሽን ቴክኒሻን ነው፤ አስተርጓሚያችንም እሱ ነበር።

ሙንዚር አየኝ። ዓይኑ ሳቀ፤ አፉ ግን ለክላውስ «ሻዩ ይጣፍጣል ትላለች» አለው። ያቺን ታህል እንግሊዝኛ አላጣሁም! ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን በዓይኑ ወደድኩት፤ ምን ላድርግ።

በሁለተኛው ዓመት ደሴ እኛ ቤት ሽማግሌ ላከ። አባቴ ዘይኑልአቢዲን እንደ ወጉ መጀመሪያ መለሳቸውና ለሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ቀጠራቸው።

«ቀጠሮ ያከበረ ልጄን ያከብራል» አለኝ። «ከቀሩ ግን ለሐርቡው ጁነይድ ነው የምሰጥሽ። እሱም ሁለቴ ልኳል።»

ሐሙስ ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። ሙንዚር እስከ ስድስት ሰዓት ሠርቶ ሽማግሌዎቹን በመኪና ሊያመጣቸው ነበር። ዘጠኝ ሆነ። አስር ሆነ። ደወልኩ፤ ስልካችንን ለጥበቃ አስረክበን ነው የምንገባው፣ ማን ያንሳው? አስራ አንድ ሲል አባቴ ለእንግዳ ያነጠፈውን ምንጣፍ ራሱ ጠቀለለው። ቀና ብሎ አላየኝም።

የሆነውን በኋላ ሰማሁ። ሙንዚር ሊወጣ ሲል ፕሮግራሙ ተቆለፈ። ክላውስ አሜሪካ ቢደውል እዚያ ገና ሌሊት ነው። «እስኪነቁ ማንም እንዳይወጣ» አለ። ሙንዚር በወረቀት ልክ በእጁ መቁረጥ ይችል ነበር፤ ሲቆርጥ አይቼዋለሁ። ወይ ደግሞ «ዛሬ ጉዳይ አለኝ» ብሎ መውጣት። አንዱንም አላደረገም፤ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ፣ ነቅተውም ቶሎ ስላልከፈቱት እዚያው አደረ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው መኪና ሲጠብቁ መሸባቸው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የጁነይድ ሰዎች መጡ። አባቴ በመጋረጃው በኩል «ረውዳ፣ ፈቅደሻል?» አለኝ። በእኛ ዘንድ የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው። «አልፈቀድኩም» ማለት እችል ነበር፤ ወላሂ፣ ምላሴ ላይ ነበረች። ሦስቴ ጠየቀኝ፤ ሦስቴ የግቢውን በር አየሁ። ዝም አልኩ። ኒካው ታሰረ።

ሙንዚር አስር ሰዓት ላይ እየሮጠ መጣ። በር ላይ አገኘሁት።

«ረውዳ፣ ከፈቱልን እኮ! ክላውስ ደስ ብሎት ለሰርጋችን ሦስት ቀን ፈቃድ ሰጠኝ» ብሎ ወረቀት አወጣ።

«ኒካዬ ታስሯል።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ኧረ በአላህ! ለምን እምቢ አላልሽም?»

«አንተስ?»

ግንቡን ተደግፎ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ፣ ምን ይደበቃል። ላቅፈው እጄ ተነሥቶ ነበር። ወረቀቱን ከእጁ ወስጄ አነበብኩት። ፊርማም ማህተምም አለበት።

ወረቀቱን መለስኩለት። «ደግ አደረገ» አልኩት፤ «እንግዲያውስ ሰርጌ ላይ አትቀርም።»